የኳስ ቃላትን በፖላንድኛና በእንግሊዝኛ ለመያዝ ከአማርኛው ተነሱ

ፖላንድ ለትምህርት ወይም ለሥራ የሄደ ሰው፣ ወይም ለንደን ውስጥ ከፖላንዶች ጋር አንድ መጋዘን የሚሠራ ሰው፣ ቶሎ የሚግባባበት ቦታ ሜዳ ነው። ኳስ ካለች ሰው ይሰበሰባል። የሚያስቸግረው ቃሉ ነው። ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛውን የኳስ ቃል ከቴሌቪዥን ለቅመናል፣ ፖላንድኛው ሲመጣም በእንግሊዝኛው ላይ ልንደርበው እንሞክራለን። ይሄ መንገድ ያደክማል። እኔ የምመክረው ከአማርኛው መነሳት ነው። አማርኛና ፖላንድኛ ምንም ዝምድና የላቸውም፣ ግን ኳስ ላይ ሲደርሱ የሚገርም መመሳሰል አላቸው። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ይለያል።

የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እስክሪብቶና ጨዋታ የምታዩበት ስልክ ነው። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

እርምጃ 1፦ ደብተሩን በሦስት ክፈሉና የጨዋታዎቹን ስም ጻፉ

በግራ አማርኛ፣ በመሃል ፖላንድኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት፣ ዘዴው ያለው እዚያ ላይ ነው።

እግር ኳስ «ፒውካ ኖዥና» ነው። ፒውካ ኳስ ነው፣ ኖዥና ደግሞ «ኖጋ» ከሚለው የመጣ ነው፣ እግር ማለት። እጅ ኳስ «ፒውካ ሬንችና» ይባላል፣ «ሬንካ» እጅ ነውና። እንግሊዝኛውም ፉትቦልና ሃንድቦል ስለሚል እስከዚህ ሦስቱም ቋንቋዎች አብረው ይሄዳሉ። ቅርጫት ኳስ «ኮሽኩፍካ» ነው፣ «ኮሽክ» ትንሽ ቅርጫት ናት። ጄምስ ኔይስሚዝ በ1891 አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ጨዋታውን ሲፈጥር የአዳራሹ ሰገነት ላይ የሰቀለው እውነተኛ የኮክ ቅርጫት ስለነበር ሦስቱም ቋንቋዎች ቅርጫቱን ይዘው ቀርተዋል።

አሁን መረብ ኳስ ላይ እንምጣ። እንግሊዝኛው ቮሊቦል ይላል። ቮሊ ኳስ መሬት ሳትነካ በአየር ላይ መምታት ነው፣ ስለ መረቡ ምንም አያወራም። ጨዋታው በ1895 ሲፈጠር ስሙ ሚንቶኔት ነበር፣ ቮሊቦል የተባለው በዓመቱ በ1896 ነው። ፖላንዶች ግን «ሻትኩፍካ» አሉት። «ሻትካ» መረብ ማለት ነው። እኛም መረብ ኳስ እንላለን። በእንግሊዝኛው በኩል ዞሮ የሚመጣ ተማሪ ይሄን ቃል በባዶው መሸምደድ አለበት፣ ከአማርኛው የሚነሳ ግን «መረብ» ምን እንደሆነ አንዴ ከጠየቀ ጨርሷል።

የጠረጴዛ ቴኒስም ቀላል ነው፦ «ቴኒስ ስቶዎቭእ»። «ስቱው» ጠረጴዛ ነው።

እርምጃ 2፦ ድምፁን በፊደላችን ያዙ

የፖላንድኛ ጽሑፍ ሲያዩት ያስፈራል፣ ተነባቢ በተነባቢ ላይ ይደረደራል። እዚህ ላይ ግን የእኛ ፊደል ትልቅ ጥቅም አለው፣ ሽ፣ ዥ፣ ች እና ኝ ሁሉም አሉንና። ስለዚህ እንዲህ አንብቡት። ኤስና ዜድ ተያይዘው ሲመጡ ሽ ናቸው። ሲና ዜድ ች ናቸው። አርና ዜድ ዥ ናቸው። ደብልዩ ቭ ነው። ጄይ ይ ነው። ኤል በመሃሏ ጭረት ካለባት ው ትሆናለች፣ ፒውካ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ኦ ላይ ጭረት ካለ ኡ ተብሎ ይነበባል። በዚህ ደንብ እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን «ሎድዝ» ብሎ የሚያነባት ትልቅ የፖላንድ ከተማ ስሟ በትክክል «ዉች» ነው።

ዋይ የምትለዋ ፊደል ለብዙ የውጭ ሰው ትከብዳለች። ለእኛ ግን የለመድናት የሳድሷ እ ናት ማለት ይቻላል። «ድሩዥና»፣ ማለትም ቡድን፣ ሲባል ዥ ላይ ያለችውን እ ሳትውጡ በሉት። በቃል መጨረሻ ላይ ስትመጣ እንዳትጠፋ እኔ እዚህ «እ» ብዬ ለይቼ እጽፋታለሁ።

ሦስት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ ፖላንድኛ ጥ፣ ቅ እና ጵ የለውም። ቢጫ ካርድ «ዡውታ ካርትካ» ነው፣ በከ እና በተ እንጂ በቀ እና በጠ አይደለም። እኛ ሳናስበው አጥብቀን እንላቸዋለን፣ ተጠንቀቁ። ሁለተኛ፣ ቃሉን ጫን የምትሉት ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው፦ ሻት-ኩፍ-ካ ላይ «ኩፍ»። ሦስተኛ፣ ቃል መጨረሻ ላይ ያለ ዥ ወደ ሽ ይለሰልሳል፣ ቭም ከክ ወይም ከት በፊት ፍ ይሆናል። የፖላንድኛው ሽ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን። ለጊዜው በአንዱ ሽ ተናገሩ፣ ሰው ይረዳችኋል።

እርምጃ 3፦ ሜዳ ላይ ያሉትን ሰዎች ለዩ

ከሁሉም የምወደው በረኛን ነው። እኛ በር ብለን በረኛ አልን። ፖላንዶች «ብራማ» ይላሉ፣ ትልቅ በር ማለት ነው። «ብራምካ» ትንሿ በር ናት፣ የጎሉ በር። ጠባቂው ደግሞ «ብራምካሽ»። ቃሉ የተሠራበት መንገድ ከእኛው ጋር አንድ ነው። እንግሊዝኛው ጎልኪፐር ሲል ግብ ጠባቂ እያለ ነው፣ በር የሚባል ነገር የለበትም። ብራምካ የቆመውም በር የገባችውም ጎል ስም ነው፣ ስለዚህ አንድ ፖላንዳዊ «ብራምካ!» ብሎ ቢጮህ አንዳንዴ ጎል ገባ ማለቱ ነው። «ጎል» የሚለውም በእነሱ ዘንድ ይሠራል።

ተከላካይ «ኦብሮኝትሳ» ነው፣ አጥቂ «ናፓስትኒክ»። ሁለቱም ትርጉማቸው ቀጥ ብሎ ከእኛ ጋር ይገጥማል፣ የሚከላከልና የሚያጠቃ። እንግሊዝኛው ለአጥቂው ስትራይከር፣ መቺ፣ ይላል። አማካይ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እኛና እንግሊዞች መሃል መሆኑን እናያለን፣ አማካይና ሚድፊልደር። ፖላንዶች «ፖሞትስኒክ» ይሉታል፣ ረዳት ማለት ነው። እዚህ ጋ ደብተራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፣ «ፖሞትስኒክ» ሲባል ተቀያሪ ወይም ረዳት አሰልጣኝ እንዳይመስላችሁ። ተቀያሪ «ሬዜርቮቭእ» ነው። ሮበርት ሌቫንዶቭስኪ በ2015 ለባየርን ሙኒክ ቮልፍስቡርግ ላይ በ9 ደቂቃ 5 ጎል ያገባው እንደ ሬዜርቮቭእ ከወንበር ተነስቶ ገብቶ ነው። ቃሉን በዚህ አስታውሱት።

ዳኛ «ሴኝጃ» ነው። እኛ ለፍርድ ቤቱም ለሜዳውም ዳኛ እንላለን፣ እነሱም ለሁለቱም ሴኝጃ ይላሉ። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን በየቦታው ስሙን ይለውጥለታል፦ ፍርድ ቤት ጀጅ፣ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ላይ ሪፈሪ፣ ቴኒስና ክሪኬት ላይ አምፓየር። እንግሊዝኛ ስታወሩ «አምፓየር» ብላችሁ የእግር ኳስ ዳኛ ብትጠሩ ሰው ይስቃል፣ ፖላንድኛ ስታወሩ ግን ይሄ ጭንቀት የለም።

አሰልጣኝ «ትሬኔር»። በእንግሊዝኛ ኮች በሉ፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ከሆነ ማናጀር። እንግሊዝ አገር «ትሬነርስ» ካላችሁ ሰው የሚረዳው ስኒከር ነው። አምበል «ካፒታን»፣ ደጋፊ «ኪቢትስ»።

ልብሱን ቶሎ እንለፈው። ማሊያ «ኮሹልካ»፣ ቁምጣ «ስፖዴንኪ»፣ ፊሽካ «ግቪዝዴክ»፣ ታኬታ «ኮርኪ»። ኮርኪ የትራፊክ መጨናነቅም ነው፣ ስለዚህ ጓደኛችሁ በኮርኪ ምክንያት አረፈድኩ ቢል ጫማውን ረስቶ አይደለም።

እርምጃ 4፦ ምቶቹን አንድ ላይ አጥኑ

«ዡት» የምትል ቃል አለች። ትርጉሟ ውርወራ ነው፣ በእግር ለሚመታውም ግን እሷኑ ይጠቀማሉ። እኛ «ምት» የምንልበት ቦታ ሁሉ ዡትን አስቀምጡ፣ ከዚያ ቅጽሉን ብቻ ቀያይሩ።

የማዕዘን ምት «ዡት ሮዥንእ» ነው። ማዕዘን በፖላንድኛ «ሩክ» ይባላል፣ ቀንድ የሚባለውም በዚያው ቃል ነው። እንግሊዝኛው ኮርነር።

ፍፁም ቅጣት ምት፣ በዕድሜ ገፋ ያሉት ሪጎሬ የሚሉት፣ «ዡት ካርንእ» ነው። «ካራ» ቅጣት ማለት ነው። ቃሉን ለመያዝ የእኛን ካራ አስቡ፣ ስለታሙን። እንግሊዝኛው ፔናልቲ ነው፣ እሱም ከቅጣት የመጣ።

እዚህ ጋ ትልቁ ወጥመድ አለ። እኛ ተራውንም «ቅጣት ምት» እንላለን። ከአማርኛ የመጣ ሰው ታዲያ ሜዳው መሃል ላይ ፋውል ሲሠራ «ካርንእ» ብሎ ይጮሃል፣ ሁሉም ደንግጦ ያየዋል፣ እሱ እኮ ፔናልቲ ጠይቋል። ተራው ቅጣት ምት «ዡት ቮልንእ» ነው። ቮልንእ ነፃ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛውም ፍሪ ኪክ ይላል። ከአማርኛው ተነሱ ያልኳችሁ ዘዴ የሚከዳችሁ እዚህ ላይ ስለሆነ ቃሉን በቀይ ጻፉት። ሌላም አለ፣ ቅርጫት ኳስ ላይ ፋውል ተሠርቶበት ብቻውን የሚወረውረው «ዡት ኦሶቢስትእ» ነው፣ የግል ውርወራ እንደማለት። እንግሊዝኛው ፍሪ ስሮው ይላል።

ከጨዋታ ውጪ «ስፓሎንእ» ነው፣ የተቃጠለ ማለት ነው። ተጫዋቹ ተቃጥሏል። አንዴ ከሰማችሁት አይረሳም። ኳስ ከመስመር ስትወጣ «አውት»፣ ጥፋት ሲሠራ «ፋውል»፣ ግጥሚያው ራሱ «ሜች»። እነዚህ ሦስቱ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ናቸው፣ ሰፈር ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቀይ ካርድ «ቼርቮና ካርትካ»፣ እረፍት «ፕሼርቫ»፣ ተጨማሪ ሰዓት «ዶግርፍካ»፣ አቻ «ሬሚስ»።

ሜዳ ስትሉ ደግሞ ቋንቋዎቹ ቦታ ይቀያየራሉ። እኛ ለሁሉም ሜዳ እንላለን። ፖላንዶች «ቦይስኮ» ይላሉ፣ ለእግር ኳሱም ለመረብ ኳሱም፣ ለቴኒስ ብቻ «ኮርት»። እንግሊዞች ለእግር ኳስ ፒች፣ ለቅርጫት፣ ለመረብ ኳስና ለቴኒስ ኮርት፣ አሜሪካኖች ለእግር ኳሱ ፊልድ። ጣሪያ ያለው አዳራሽ በፖላንድኛ «ሃላ» ነው።

እርምጃ 5፦ ውጤት መናገር

እኛ ሁለት ለባዶ እንላለን። እነሱ «ድቫ ዶ ዜራ»። «ዶ» የእኛን «ለ» ቦታ ይዛለች፣ አቀማመጡ አንድ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ባዶው ራሱ ይቀያየራል፣ እግር ኳስ ላይ ኒል፣ ቴኒስ ላይ ላቭ። ፖላንድኛ ሁሌም ዜሮ ነው። ኢጋ ሽፍዮንቴክ በ2025 የዊምብልደንን ፍፃሜ 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 ስታሸንፍ ፖላንዶች «ሼሽች ዜሮ፣ ሼሽች ዜሮ» ብለው ነው የሚያወሩት። የቴኒስ ቃላት ላይ ብዙ አትድከሙ። ጌም፣ ሴርቪስ፣ ፎርሄንድ፣ ቤክሄንድ፣ ሁሉም ከእንግሊዝኛ መጥተው በፖላንድኛ ድምፅ የሚነበቡ ናቸው። ራኬት «ራክዬታ» ይባላል፣ ሮኬትም እንዲሁ።

አሸነፈ ላይ ግን ቆም በሉ። ፖላንድኛ «ቭግራች» ይላል፣ ቀጥሎ «ዝ» የምትል ቃል ትመጣለች። «ዝ» በሌላ ጊዜ «ከ... ጋር» ማለት ነች። ስለዚህ ቃል በቃል ከሄዳችሁ «ከጀርመን ጋር አሸነፍን» ይሆናል፣ እና ከጀርመን ጋር ሆነን ሌላ ሰው ያሸነፍን ይመስላል። አይደለም፣ ጀርመንን አሸነፍን ማለት ነው። ተሸነፈም «ፕሼግራች» ሆኖ ያው «ዝ»ን ይወስዳል። እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ብዙ የሚሳሳተው ሌላ ነገር ነው። አማርኛ ጨዋታውንም ተጋጣሚውንም «አሸነፈ» ይላል፣ እንግሊዝኛ ግን ጨዋታውን ዊን፣ ተጋጣሚውን ቢት ነው የሚለው።

እርምጃ 6፦ የሚጮኸውን በጩኸት አጥኑ

ሜዳ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚናገር የለም። አምስት ቃል ካወቃችሁ ትጫወታላችሁ።

«ፖዳይ!» አቀብል ነው። «ስትሼላይ!» ምታ ነው። «ቻስ!» ጊዜ አለህ፣ አትቸኩል። «ፕሌትስእ!» ቃል በቃል ጀርባ ማለት ነው፣ ከኋላህ ሰው መጥቶብሃል እያሉህ ነው፣ እንግሊዞች ማን ኦን የሚሉት። ይሄን ቃል ሳያውቅ የገባ ሰው ኳሷን ተነጥቆ ነው የሚማረው፣ እናንተ ግን ቀድማችሁ ያዙት። አምስተኛው «ሞያ!» ነው። የእኔ ናት። በረኛው ለኳስ ሲወጣ፣ መረብ ኳስ ላይም ሁለት ሰው ለአንዲት ኳስ ሲሮጥ የሚባል ነው። ልብ በሉ፣ ሞያ የሴት ነው፣ ፒውካ በፖላንድኛ ሴት ናትና። እኛም ኳሷ፣ መጣች፣ ገባች እንላለን። ወንድ ተጫዋችም ሴት ተጫዋችም ሞያ ነው የሚሉት፣ የሚቆጠረው የኳሷ ጾታ ነው።

እነዚህን ቁጭ ብላችሁ በለሆሳስ አትለማመዱ። ክፍት ቦታ ላይ ከፍ ባለ ድምፅ በሉት፣ ከተቻለ ኳስ ግድግዳ ላይ እየመታችሁ። አፋችሁ ከእግራችሁ ጋር አብሮ ካልተማረ በጨዋታ መሃል ቃሉ አይመጣም።

እርምጃ 7፦ «እጫወታለሁ» በሉ

«ግራም ፍ ፒውኬ» ኳስ እጫወታለሁ ነው፣ ሌላ ካልተጨመረ እግር ኳስ መሆኑ ይታወቃል። መሃል ላይ ያለችው «ፍ» አትቀርም፣ እኛም እንግሊዞችም የሌለን ቃል ስለሆነች እንረሳታለን። መጨረሻው አ የነበረው ቃል ወደ ኤ ይዞራል፦ ፍ ሻትኩፍኬ፣ ፍ ኮሽኩፍኬ። ቴኒስ «ፍ ቴኒሳ» ነው።

ወጣቶቹ ያሳጥሩታል። «ግራም ቭ ኖጌ» ካሉ እግር ኳስ (እዚህ «ፍ» ወደ ቭ ትመለሳለች)፣ «ፍ ሻትኬ» መረብ ኳስ፣ «ፍ ኮሻ» ቅርጫት ኳስ። እግር፣ መረብ፣ ቅርጫት። ኳስ የሚለውን ጥለው ዕቃውን ብቻ ነው የሚጠሩት።

ሦስት ቃል ደግሞ እንዳትሳሳቱባቸው። የእንግሊዝኛውን ቦል ፖላንድኛ ለማስመሰል «ባል» ብትሉ የዳንስ ግብዣ ማለታችሁ ነው። «ፓላንት» በዱላ የሚመታ ጥንታዊ የፖላንድ የኳስ ጨዋታ ነው፣ ቤዝቦልን ይመስላል፣ ግን ዛሬ ሰውን ፓላንት ማለት ስድብ ነው፣ ስለዚህ ስለ ጨዋታው ካልሆነ አፋችሁ ላይ አታድርጉት። ሆኪ ሦስተኛው ነው። እንግሊዝ አገር ሆኪ የሣር ላይ ነው፣ አሜሪካና ፖላንድ የበረዶ ላይ። የእኛን የገና ጨዋታ ለፖላንዳዊ ጓደኛ ማስረዳት ካማራችሁ «ኾኬይ ና ትራቪዬ»፣ የሣር ላይ ሆኪ፣ ብላችሁ ጀምሩለት። ወዲያው ይገባዋል።

እርምጃ 8፦ በአንድ ጨዋታ ፈትኑት

ለዚህ የምመርጠው ጥቅምት 1973 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝና ፖላንድ የተጫወቱትን ነው። የእንግሊዝኛና የፖላንድኛ ቃላት እየተማራችሁ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አታገኙም። እንግሊዝ ለ1974 የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ማሸነፍ ነበረባት። ፖላንድ ቀድማ አገባች፣ እንግሊዝ በፍፁም ቅጣት ምት አስተካከለች፣ ከዚያ በኋላ በረኛው ያን ቶማሼቭስኪ የመጣውን ሁሉ መለሰ። አንድ ለአንድ አለቀ። እንግሊዝ ቀረች፣ ፖላንድ ሄዳ ሦስተኛ ወጣች፣ ግዤጎሽ ላቶም በ7 ጎል የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ ለራሳችሁ ተናገሩ። ቀጥሎ ቃላቱን ብቻ ወደ ፖላንድኛ ቀይሩ፦ ሜች፣ ብራምካ፣ ዡት ካርንእ፣ ብራምካሽ፣ ሬሚስ። አማርኛውና ፖላንድኛው ተቀላቅሎ ይምጣ፣ ግድ የለም። በመጨረሻ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት፦ ማች፣ ጎል፣ ፔናልቲ፣ ጎልኪፐር፣ ድሮው። ሦስቱን ዙር ሳትቆሙ ካላችሁ ወደ መረብ ኳስ እለፉ። የፖላንድ ወንዶች በ1974፣ በ2014 እና በ2018 የዓለም ሻምፒዮን ናቸው፣ የ2014ቱን ፍፃሜ ያሸነፉት እዚያው አገራቸው ካቶቪትሴ ከተማ «ስፖዴክ» በሚባለው አዳራሽ ነው። ስፖዴክ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ማለት ነው፣ ሕንፃው በእርግጥም እሱን ይመስላል። የመረብ ኳስ ጨዋታ በፖላንድኛ አስተላላፊ ከፍታችሁ አንድ ሙሉ ዙር ስሙ። «ዛግርፍካ» ሰርቭ ነው፣ «ብሎክ» ብሎክ፣ «አውት» አውት። በሰማችኋቸው ቁጥር ደብተሩ ላይ ጭረት አድርጉ። በመጀመሪያው ቀን አራት ጭረት ካገኛችሁ ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጨዋታ ድጋሚ ክፈቱና ቁጠሩ።